ለጌጫ እኩዮቼ፦ ስለ ጉበታችንና ስለ ኩላሊታችን

በጌጫና በአንድራቻ ቀበሌዎች ያላችሁ እኩዮቼ፣ አባቶችና እናቶች፣ ዛሬ የምናገረው ስለ ወሰን ክርክርም ስለ እድር መዋጮም አይደለም። በየቤታችን ሥር እየሰደደ ስላለ ልማድ ነው። ገበያ ላይ «ጉበት ያጥባል፣ ኩላሊት ያጸዳል፣ ልብ ያበረታል» እየተባለ በጠርሙስ የሚሸጠውን የቅጠል ጭማቂ ከሱቅ ከገዛነው የዲክሎፌናክ ክኒን ጋር ጠዋት ማታ የምንወስድ በዝተናል። በድሬሰርነት ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና ዝም ብል ዕዳው የእኔ ነው። ይህ ልማድ ሰው ይገድላል።

ሻጮቹ «ዩኒቨርሲቲ መርምሮታል» ይሏችኋል። ምርምሩስ አለ። በአዲስ አበባም በጎንደርም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአገራችንን ዕፅዋት ጉበትና ኩላሊት ይጠብቁ እንደሆነ ሲፈትሹ ቆይተዋል፤ ሥራቸውም የሚከበር ነው። ነገር ግን የሚያደርጉትን ስሙ። ከቅጠሉ የወጣውን ጭማቂ በሚሊግራም መዝነው ለአይጦች ለተወሰኑ ቀናት ይሰጣሉ። ጉበት ለመጉዳት ከመጠን ያለፈ ፓራሲታሞል፣ ኩላሊት ለመጉዳት ጄንታማይሲን፣ ልብ ለመጉዳት ዶክሶሩቢሲን የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ይሰጧቸዋል። በመጨረሻ ደማቸውን ወስደው የጉበት ኢንዛይሙንና የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየውን ክሪያቲኒን ይለካሉ። ቅጠሉን የወሰዱት አይጦች ጉዳታቸው ካነሰ «ተስፋ ይሰጣል፣ ገና ይጠና» ብለው ይጽፋሉ።

አይጡ ወጣት ነው፤ ጤነኛ ነው፤ ሌላ ክኒን አይውጥም። ቅጠሉም አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ጉዳቱ ሳይደርስ አስቀድሞ ነው። እኛ አርጅተናል፤ ግማሾቻችን ደም ግፊት አለብን፤ ጠርሙሱን የምናነሣውም አካላችን ከተጎዳ በኋላ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ስንት ዓይነት ቅጠል በምን መጠን እንዳለ የሚያውቅ የለም። «ገና ይጠና» የተባለውን ነገር «ተረጋገጠ» ብሎ ለታመመ ሽማግሌ መሸጥ ነውር ነው፤ ገዝቶ መጠጣትም አደጋ ነው።

የሚያስፈራኝ ከሁሉ በላይ ኩላሊት ነው። ቡና ስንለቅም፣ እንሰት ስንፍቅ ኖረን ጉልበታችንና ወገባችን ያመናል፤ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሕመሙን ያስታግሱልናል። እነዚህ ክኒኖች የሚያግዱት ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ግን ወደ ኩላሊት ደም የሚያስገባውን ቀጭን ቧንቧ ክፍት አድርጎ የሚይዝ ነው። ወጣት ሰው ይችለው ይሆናል። ለግፊት ኤናላፕሪል፣ ውኃ ለማስወጣት ላሲክስ ወይም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በሚወስድ አዛውንት ላይ ሲጨመር ግን የኩላሊቱ ማጣሪያ ግፊት አጥቶ ሥራውን ሊያቆም ይችላል። በዚያ ላይ የጠጣነው ቅጠል አስቀምጦን ውኃችንን ከጨረሰው በጥቂት ቀን ውስጥ ሽንት ሊጠፋ ይችላል። ኩላሊት እንደ ጥርስ አይጠዘጥዝም፤ ክሪያቲኒኑ እንኳ በደም ውስጥ ከፍ ብሎ ሳይታይ የሥራ አቅሙ ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። አደራ፣ ይህን ሰምታችሁ የግፊት መድኃኒታችሁን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፤ የምላችሁ የሕመም ማስታገሻውን ሐኪም ሳያዝ አትውሰዱ ነው።

«ቅጠል ተፈጥሮ ነው፣ ምን ይጎዳል?» ለምትሉኝ የሂርሚ ሸለቆን ታሪክ ልንገራችሁ። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ፣ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ፣ ፀዳ እምባ በሚባል መንደር እ.ኤ.አ. በ2001 ሰዎች ሆዳቸውን እያመማቸው፣ ሆዳቸው በውኃ እየተነፋ፣ ሰውነታቸው እየከሳ መሞት ጀመሩ። ሕፃን አልቀረ፣ አዋቂ አልቀረ። ለዓመታት ምክንያቱ ሳይታወቅ «ያልታወቀ የጉበት በሽታ» ተባለ። ብዙ ተመራማሪዎች ደክመውበት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት በሽታው ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ ከሚባል የዕፅ መርዝና ዲዲቲ ከሚባል ፀረ ተባይ ኬሚካል ጋር ተያይዞ ተገኘ። የዕፅ መርዙ የመጣው አጀራተም ከሚባል አረም ነው፤ ከእህሉ ጋር ታጭዶ፣ ከእህሉ ጋር ተፈጭቶ ይበላ ነበር። መርዙን የሚያነቃው ራሱ ጉበት ነው። በጉበት ውስጥ ያሉት ደቃቃ የደም ሥሮች ተጎድተው ይደፈናሉ፤ ደሙ መውጫ ያጣል፤ ሆድ ውኃ ይቋጥራል።

ይህ አረም በእኛም ቡና ሥርና በማሳችን ዳር ይበቅላል፤ ቅጠሉ ፀጉራም ነው፣ አበባው ትንንሽ፣ ነጭ ወይም ሐምራዊ። በሽታው ጌጫ ገባ ማለቴ አይደለም። ግን ከጫካ የተለቀመ ሁሉ መድኃኒት ነው ብሎ የሚቀጠቅጥ ሰው ይህንኑ ቢቀላቅለው በምን እናውቃለን? ዲዲቲውንም አስቡት። በቆሎ እንዳይነቅዝ ጎተራ ውስጥ የምንነሰንሰው ኬሚካል ከእህሉ ጋር ወደ ምጣድ ይሄዳል። የኬሚካል ጀሪካን አጥበን ውኃ የምንቀዳበትም ቤት አለ።

አያቶቻችን ያከበሩት ኮሶ እንኳ ከመጠን ሲያልፍ የሰው ዓይን እንዳጠፋ በሐኪሞች ተጽፏል። በቤልጂየም፣ በብራሰልስ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለመቅጠን ብለው የቻይና ዕፅ የወሰዱ ከመቶ በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ተበላሸ፤ አንዱ ዕፅ በሌላ መርዘኛ ዕፅ ተተክቶ ኖሯል። በሠለጠነ አገር በሐኪም እጅ እንዲህ ከሆነ በእኛ ገበያ ምን ሊሆን ነው?

አካልን ከጉዳት የሚጠብቅ የተረጋገጠ ሕክምና የለም አላልኩም። ፓራሲታሞል ከመጠን በላይ ለዋጠ ሰው አሲቲልሲስቲን የሚባል መድኃኒት አለ፤ በ8 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ ጉበቱን ይታደጋል። ስለዚህ የልጅ ልጃችሁ ክኒን ከዋጠ ወተት እያጠጣችሁ አትቆዩ፤ ሰዓቱ ሳያልፍ ሆስፒታል አድርሱት። ኩላሊት ከጠፋ ግን የሚቀረው በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ በማሽን ደም ማሳጠብ፣ ካልሆነም ንቅለ ተከላ ነው። ንቅለ ተከላ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 ተጀምሯል፤ ኩላሊቱን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በሕይወት ያለ ዘመድ ነው። እኛ በጠርሙስና በክኒን ያጠፋነውን ልጃችን ገላው ተቀዶ እንዲተካልን ነው?

እግራችሁ ካበጠ፣ ሽንታችሁ ካነሰ ወይም ከጠቆረ፣ ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ አትደሩ። ስትሄዱ የምትወስዱትን ክኒን ሁሉ፣ ጠርሙሱንም፣ የቅጠሉንም ቅርንጫፍ ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ ይቆጣኛል ብላችሁ አትደብቁ። ክሪያቲኒንና የሽንት ምርመራ እንዲያዝላችሁ ጠይቁ፤ የባህል መድኃኒት ከጠጣችሁ መቼ ጀምሮ በምን ያህል እንደሆነ ሳትሸሽጉ ንገሩት።