ያልጠየቅነው ነፃነት

ባለፈው ወር ጅግጅጋ ውስጥ ከምናዘወትራት ሻይ ቤት ከባልደረቦቼ ጋር ተቀምጠን ሳለ አንድ ክርክር ተነሣ። ሕግ የሚያስተምረው ወዳጄ፣ ልጁን ያላስከተበ ወላጅ ትምህርት ቤት በር ላይ የክትባት ካርድ ተጠይቆ ይመለስ የሚል አቋም ይዞ መጣ። ሌላው፣ ትምህርቱን በውጭ ሀገር ጨርሶ በቅርቡ የተመለሰው፣ ይህማ የሰውን ኅሊና መድፈር ነው፤ አሜሪካ እንኳ ለማይፈልግ ወላጅ መውጫ በር ትታለች ሲል ተቃወመ። ሁለቱም የተማሩ፣ ሁለቱም ቅን ሰዎች ናቸው። እኔ ግን ሻዬ እስኪበርድ ድረስ ዝም ብዬ አዳመጥኋቸው። ዝም ያልሁት አቋም አጥቼ አልነበረም። አንደኛው በሩን ዝጉ፣ ሌላኛው ክፈቱ እያሉ የሚከራከሩለት ቤት እኛ ሰፈር ገና እንዳልተሠራ ስለ ታየኝ ነው። ይህን ጽሑፍ የማቀርበው ያን ቀን ሳልናገረው የቀረሁትን ለመናገር ነው።

የአሜሪካው ክርክር ረጅም ታሪክ አለው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1905 የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ጃኮብሰን የተባለ የማሳቹሴትስ ፓስተር የፈንጣጣ ክትባት አልወስድም በማለቱ የተጣለበትን የ5 ዶላር መቀጮ በመቃወም ያቀረበውን አቤቱታ ውድቅ አደረገ። ግዛቶች ሕዝብን ከወረርሽኝ ለመጠበቅ ክትባትን ግዴታ ማድረግ ይችላሉ አለ። ከጊዜ በኋላ ግዛቶቹ ሁሉ ትምህርት ቤት የሚገባ ልጅ እንዲከተብ የሚያስገድድ ሕግ አወጡ። አብዛኞቹ ለሃይማኖት፣ አንዳንዶቹም ለግል እምነት መውጫ በር ተዉ። ካሊፎርኒያ፣ ከዲዝኒላንድ መዝናኛ የተነሣ የኩፍኝ ወረርሽኝ ካስደነገጣት በኋላ በ2015 የግል እምነቱን በር በሕግ ዘጋች። 10 ዓመት ቆይቶ በሴፕቴምበር 2025 የፍሎሪዳ ግዛት የጤና ኃላፊ ዶክተር ጆሴፍ ላዳፖ የክትባት ግዴታን ከባርነት ጋር አመሳስለው፣ ግዴታዎቹ ሁሉ እንዲሻሩ እንደሚሠሩ አስታወቁ። ይህን ያሉት በምዕራብ ቴክሳስ ያልተከተቡ 2 ልጆች በኩፍኝ ከሞቱ ጥቂት ወራት በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ ከካራማራ ወዲህ ላለነው ምን አገባን የሚል አንባቢ አይጠፋም። ያገባናል። ሚኒያፖሊስ ለጅግጅጋ ከብዙዎቹ የሀገራችን ከተሞች ይልቅ ትቀርባለች። የቤት ኪራዩ፣ የሠርግ ወጪው፣ የሕክምናው ገንዘብ ለብዙ ቤተሰብ የሚላከው ከዚያ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም አንድሩ ዌክፊልድ በ1998 የ12 ሕፃናትን ጉዳይ ጠቅሶ የኩፍኝን ክትባት ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ ጽሑፍ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጣ። መጽሔቱ በ2010 ጽሑፉን ሰረዘ፤ በዚያው ዓመት ሰውየው የሕክምና ፈቃዱን ተነጠቀ። በሀገሩ የተዋረደው ይህ ሰው ግን በ2010 እና በ2011 ሚኒያፖሊስ ድረስ ሄዶ፣ የልጆቻቸው ሁኔታ ያስጨነቃቸውን የሶማሌ ወላጆች ሰብስቦ አነጋገረ። በሚኒሶታ ከሶማሌ ቤተሰብ ከተወለዱ የ2 ዓመት ሕፃናት መካከል የኩፍኝ ክትባት የወሰዱት በ2004 ከ100 ዘጠና ሁለቱ ነበሩ፤ በ2014 አርባ ሁለቱ ብቻ ሆኑ። በ2017 ኩፍኙ መጣ። 75 ሰዎች ታመሙ፤ አብዛኞቹ ያልተከተቡ የሶማሌ ልጆች ነበሩ። በግዛቲቱ ሕግ መሠረት ወላጅ ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም ብሎ በውልና ማስረጃ ሹም ፊት መፈረም ይበቃዋል።

እንግዲህ ገንዘብ በሚመጣበት መንገድ ወሬም ይመጣል። ኤዶ ብዬ የምጠራቸው ጎረቤቴ አንድ ማታ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ቤቴ መጡ። ሚኒያፖሊስ ያለችው እኅታቸው ደውላ፣ የ9 ወሩን መርፌ እንዳታስወጉት፣ አንደበቱ ይዘጋል ብላቸዋለች። (የእኔ ዶክትሬት መርፌ ከመውጋት ጋር አንዳች ዝምድና የለውም፤ ሰፈሬ ግን ይህን ልዩነት አይቀበልም።) የዌክፊልድን ታሪክ እንደምንም ወደ ቤት ቋንቋ መልሼ አጫወትኋቸው። ሳቁ፤ ከዚያም ለኅያው ልጅ ሲሉ ቆርጠው በማግስቱ ማለዳ ልጁን ይዘው ሄዱ።

ቀትር ላይ ልጁ ሳይከተብ ተመለሱ። አንድ ልጅ ብቻ ስለ መጣ ብልቃጡ አይከፈትም፣ ሕፃናት የሚበዙት ሐሙስ ነውና ሐሙስ ይምጡ ተባሉ። ሐሙስ ሲሄዱ ክትባቱ አልቆ ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ አልሄዱም። ቢያንስ እስከ ዛሬ አልሄዱም።

የብልቃጡን ነገር ያልሰማ አንባቢ ቢኖር ላብራራ። የኩፍኝ ክትባት በደረቅ ዱቄት መልክ የሚመጣ ሲሆን፣ አንዱ ብልቃጥ ብዙውን ጊዜ ለ10 ልጅ ይሆናል። በፈሳሽ ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የተረፈው ይጣላል። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ለአንድ ልጅም ቢሆን ይከፈት የሚል ነው። ነርሷ ግን በወሩ መጨረሻ ሪፖርት የምታደርገው ስንት እንዳባከነች ነው። ስንት እናት መልሳ እንደ ላከች የሚጠይቃት ሰው አላየሁም። በነርሷ አልፈርድም፤ እኔም በእርሷ ቦታ ብሆን ምናልባት ሐሙስ ይምጡ እል ነበር። የልጁን ካርድ ግን ተቀብዬ አገላብጬ አይቼዋለሁ። በ9 ወር ከሚለው ትይዩ ባዶ ነው። ማን እምቢ እንዳለ የሚጻፍበት ቦታ የለም።

ነገሩ የሚገባኝ እዚህ ላይ ነው። የሚኒሶታው ወላጅ ልጁን ከክትባት ነፃ ያወጣው ፈርሞ ነው፤ ተሳስቷል፤ ስሕተቱ ግን የራሱ ነው። የእኛን ልጆች ነፃ ያወጣቸው ማንም ሳይጠይቃቸው ነው። በ2016 በተደረገው ሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወር ከሆኑት ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ ያገኙት በአዲስ አበባ ከ100 ሰማንያ ዘጠኙ ሲሆኑ፣ በሶማሌ ክልል ሃያ ሁለቱ፣ በአፋር አሥራ አምስቱ ብቻ ነበሩ። ለመሆኑ የአዲስ አበባ እናት ከኤረር እናት ይልቅ ልጇን ትወዳለች? ወይስ የኤረሯ እናት ፍልስፍና አጥንታ፣ የመንግሥትን ጣልቃ ገብነት በመርሕ ተቃውማ ይሆን?

ሹማምንቶቻችን ለዚህ ያላቸው መልስ የታወቀ ነው፦ የግንዛቤ እጥረት። ስንት የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ በስንት ሆቴል አዳራሽ እንደ ተካሄደ፣ ስንት አበል እንደ ተከፈለ አንባቢ ያውቀዋል። የግንዛቤ እጥረት የለም አልልም፤ የኤዶ እኅት የደወለችው በሕልሜ አይደለም። ነገር ግን የዚህ ክልል አርብቶ አደር ክትባት ምን እንደሚያደርግ ከብዙዎቻችን ቀድሞ ያውቃል። የደስታ በሽታ ከብቱን ሲፈጅበት ኖሯል፤ በሽታው ከምድር ገጽ መጥፋቱ በ2011 በይፋ የታወጀው በክትባት ነው። በ1990ዎቹ በጎረቤታችን በአፋር ለዚህ የበቁት፣ ያለ ማቀዝቀዣ ለሳምንታት የሚቆይ ክትባት ተሠርቶ፣ ከአርብቶ አደሩ ከራሱ መካከል የሠለጠኑ ሰዎች ተሸክመውት መንጋው ካለበት ድረስ ስለ ሄዱ ነው። ላሟ ወዳለችበት መሄድ ይቻላል ማለት ነው። ሽንሌና አይሻ ላይ ግን ሕፃኑ ጤና ኬላው ወዳለበት እንዲመጣ እንጠብቃለን፤ ቤተሰቡ ዝናብ ተከትሎ ሦስት ቀን መንገድ ርቆ ሄዷል።

ማቀዝቀዣው፣ መንገዱ፣ ሙቀቱ አስቸገረን የሚል መልስም ይመጣል። እውነት ነው፣ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ካልተጠበቀ ይበላሻል። ጫትስ? ጠዋት አወዳይ የተቆረጠ ጫት ባቢሌን፣ ጅግጅጋን፣ ቶጎ ውጫሌን አልፎ በዚያው ቀን ሐርጌሳ ይቃማል። ጦርነት ሲሆን፣ ጎርፍ መንገድ ሲቆርጥ፣ መንግሥት ሲለወጥ እንኳ የጫቱ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ያልፋል። በዚህ ምድር ቶሎ የሚበላሽ ዕቃ በየቀኑ ማድረስ አይቻልም የሚል ሰው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ጅግጅጋ ገበያ ይቁም።

የቀልድ ጉዳይ ግን አይደለም። በ2000 በጎዴ አካባቢ ረሃብ በገባ ጊዜ የተደረገ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ሆኖ ከሞቱት ሕፃናት መካከል ከ5ቱ አንዱን የወሰደው ኩፍኝ፣ ብቻውን ወይም ከረሃብ ጋር ተባብሮ፣ እንደ ነበር አሳይቷል። እህሉ እየተጫነ ሳለ የክትባቱ ዘመቻ ዘግይቶ ነበር። ረሃብ ሰውን ምግብ ወደሚታደልበት ሥፍራ ይሰበስበዋል፤ ኩፍኝም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ቆሎጂ መጠለያ ከጅግጅጋ ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ከ2017 ጀምሮ ከቀያቸው የተፈናቀሉ ሰዎች የሰፈሩበትን ይህን ቦታ ባለፍሁ ቁጥር በድንኳኖቹ መካከል የሚሯሯጡትን ልጆች አይቼ የጎዴውን ቁጥር አስታውሳለሁ።

የሌላውን ልጅ በራስ ሥልጣን ነፃ ማውጣት ምን እንደሚያስከትልም ድንበራችን ላይ አይተናል። በደቡብ ሶማሊያ አልሸባብ በያዛቸው አካባቢዎች ክትባት ለዓመታት ታግዶ ነበር። በ2013 ከሞቃዲሾ የተነሣው ፖሊዮ፣ ሶማሌዎች ነፋስ የሚሉት የልጅነት ልምሻ፣ ክልላችን ገብቶ ዋርዴር ደረሰ፤ እስከ ጃንዋሪ 2014 ድረስ 10 ታማሚዎች ተመዘገቡ። በዚያው ወረርሽኝ መካከል አንድ ሰው ሞተ፤ ስሙ አሊ ማው ማአሊን ነው። በኦክቶበር 1977፣ ጅግጅጋ በሶማሊያ ጦር እጅ በነበረችባቸው ወራት፣ መርካ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ወጥ ሠሪ ሳለ ፈንጣጣ የያዘው ይህ ሰው፣ በሽታው በተፈጥሮ የተላለፈበት የዓለም የመጨረሻው ታማሚ ነበር። ሆስፒታል እየሠራ ሳይከተብ የቀረው መርፌው ያማል ብሎ ፈርቶ እንደሆነ ኋላ ራሱ ተናግሯል። ከዳነ በኋላ ግን ለፖሊዮ ክትባት ዘመቻ በጎ ፈቃደኛ ሆኖ፣ የራሱን ታሪክ እየነገረ እናቶችን ሲያሳምን ኖረ፤ በ2013 በዘመቻው ላይ ሳለ በወባ ሞተ። አንድም ሰው አላስገደደም። ከእናቶቹ ጋር በአንድ ቋንቋ የሚናገር፣ እርሱም እንደ እነርሱ ፈርቶ የነበረ ሰው ስለ ሆነ ተሰማ። የሚኒሶታ የጤና ሠራተኞችም በ2017 የያዙት መንገድ ይህንኑ ነበር፤ ኢማሞቹንና ሶማልኛ ተናጋሪ የጤና ባለሙያዎችን ከፊት አሰለፉ።

አቋሜን እንድናገር የሚፈልግ አንባቢ ካለ፣ ይኸው። የእምነት መውጫ በር የሚባለውን አልደግፍም። ልጁ የአባቱ አስተያየት ማሳያ አይደለም፤ ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 5 እምነትን የመግለጽ መብት የሕዝብን ጤና ለመጠበቅ በሕግ ሊገደብ እንደሚችል ይናገራል። እስከዚህ ድረስ ከሕግ አስተማሪው ወዳጄ ጋር ነኝ። ነገር ግን ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 4 መንግሥት ለጤናና ለትምህርት አገልግሎት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። የመጀመሪያው ባለ ዕዳ እርሱ ነው። ዛሬ ትምህርት ቤት በር ላይ ካርድ ይጠየቅ ብንል፣ አስቀድሞ ከክትባት የተከለከለው ልጅ በዚሁ ምክንያት ከትምህርትም ይከለከላል። ፊደል የሚነፈገው የሻጭና የሹም ልጅ አይሆንም፤ የግመል ጠባቂው ልጅ ነው። ከውጭ የተመለሰው ወዳጄም ስለ ኅሊና ነፃነት ሲናገር፣ እምቢ ለማለት አስቀድሞ የሚሰጥ ሰው ፊት መቆም እንደሚያስፈልግ ዘንግቶታል።

ብልቃጡ ለአንድ ልጅ የሚከፈት ከሆነ፣ ነርሷም በማባከን ሳትጠየቅ መልሳ በላከችው ልጅ የምትጠየቅ ከሆነ፣ ከዚያ ወዲያ ስለ ካርዱ እንነጋገር። እኔም ያኔ ከወዳጄ ጎን እቆማለሁ።

የኤዶ የልጅ ልጅ በመጪው ወር 15 ወር ይሞላዋል፤ ካርዱ ላይ ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት የሚጻፍበት ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያው ገና ባዶ ነው። በሚመጣው ሐሙስ እርሳቸውንና ልጁን ይዤ እሄዳለሁ። ሕግ አስተማሪውም አብሮን እንዲመጣ ጋብዤዋለሁ፤ እሺ ብሏል።