የቀይ ባሕር የጦር መርከቦች ሰልፍ፤ ሒሳቡን ማን ይከፍላል?

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2021 “አድሚራል ግሪጎሮቪች” የተባለችው የሩሲያ ፍሪጌት ፖርት ሱዳን ገብታ መልህቋን ጣለች። በማግስቱ “ዊንስተን ቸርችል” የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ እዚያው ወደብ ደረሰች። ተኩስ አልነበረም፤ ዛቻም አልተሰማም። ሁለቱም በወዳጅነት ስም ነበር የመጡት።

ነገሩ ግን ተራ ጉብኝት አልነበረም። በዲሴምበር 2020 ሞስኮ በፖርት ሱዳን እስከ 4 የጦር መርከቦችና እስከ 300 ሰዎች ለ25 ዓመት የምታሰፍርበትን ስምምነት ይፋ አድርጋ ነበር። በዚያው ወር ዋሽንግተን ሱዳንን ሽብርተኝነትን ይደግፋሉ ከምትላቸው አገሮች መዝገብ ፋቀቻት። ካርቱም በዚያን ሰሞን በሁለት ወገን ሽማግሌ የተላከባት ልጃገረድ ትመስል ነበር።

ሁለት ዓመት አለፈ። በኤፕሪል 2023 የሱዳን ጦር ሠራዊትና ፈጥኖ ደራሹ ኃይል እርስ በርስ ተታኮሱ፤ ካርቱም የጦር ሜዳ ሆነች። የውጭ መርከቦች በብዛት ወደ ፖርት ሱዳን የተመለሱት ጦርነቱን ለማስቆም ሳይሆን ዜጎችን ጭነው ለመውጣት ነበር። በአንጻሩ የሩሲያ የጦር ሰፈር ጉዳይ አልተዘጋም፤ በፌብሩዋሪ 2025 የሱዳን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሞስኮ ሄደው በስምምነቱ ላይ ልዩነት እንደሌለ ተናግረዋል። አገሪቱ ስትነድ የወደቡ ድርድር ቀጥሏል ማለት ነው።

ለመሆኑ የኃያላን መርከቦች በሰው ዳርቻ ላይ የሚያደርጉት ሰልፍ ለባለ ዳርቻው ምን ያተርፍለታል? ጥያቄው የባሕር በር ለሌላት፣ ነገር ግን ስለ ባሕር በር አጥብቃ ለምታስበው አገራችን የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

ትናንት በርበራ፣ በማግስቱ ዳህላክ

ለዚህ ጥያቄ የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ መልስ አለው። ሶማሊያ በ1974 ከሶቪየት ኅብረት ጋር የወዳጅነት ውል ስትፈራረም በርበራ የሶቪየት ባሕር ኃይል መናኸሪያ ሆናለች። ዚያድ ባሬ ኢትዮጵያን በ1977 ሲወሩ ያን ወዳጅነት ተማምነው ነበር። ሞስኮ ግን ሒሳቧን አሰላችና ፊቷን ወደ አዲስ አበባ አዞረች። በኖቬምበር 1977 ሞቃዲሾ ሶቪየቶችን አባረረች። በርበራ ላይ የነበረው ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛ ሳይቀር ውሎ አድሮ ወደ ዳህላክ ደሴቶች ተዛወረ። በ1980 ደግሞ አሜሪካ በተራዋ በርበራን የመጠቀም ስምምነት ከሶማሊያ ጋር ተፈራረመች። ባለቤቶቹ ቦታ ተለዋወጡ፤ ወደቦቹ ግን እዚያው ነበሩ።

እኛም ከዚህ ሒሳብ አላመለጥንም። የሶቪየት መርከቦች ዳህላክ ላይ እያሉ፣ በፌብሩዋሪ 1990 ምፅዋ በሻዕቢያ እጅ ወደቀች። ከኋላዋ ያለው የየብስ መንገድ ከተቆረጠ ደሴት ላይ የቆመ መርከብ ከተማን አያድንም። በ1955 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ራሱ በ1991 ተበተነ፤ የተረፉት መርከቦች ወደ የመንና ሳዑዲ ዓረቢያ ወደቦች ሸሹ። የመጨረሻዎቹ በሴፕቴምበር 1996 ጅቡቲ ላይ ላልተከፈለ የወደብ ኪራይ ተይዘው ለሐራጅ ቀረቡ።

በኪራይ የምትኖረው ጎረቤት

በአንጻሩ “ጅቡቲስ?” ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፈረንሳይ ከቅኝ አገዛዝ ዘመን ጀምሮ እዚያው ናት። አሜሪካ ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ ካምፕ ሌሞኒየርን ያዘች። ጃፓን በ2011፣ ጣሊያን በ2013፣ ቻይና ደግሞ በ2017 የየራሳቸውን ሰፈር ከፈቱ። በ2014 በታደሰው ውል የአሜሪካ ዓመታዊ ኪራይ ብቻ 63 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደርሷል። ይህም ጅቡቲን ለምታህል ትንሽ አገር ቀላል ገንዘብ አይደለም።

የጅቡቲ ብልሃት ግን ለአንዱ ብቻ አለማደሯ ነው። የምታከራየው ቦታ እንጂ ወገንተኝነት አይደለም። እንዲያም ሆኖ ስጋት አልቀረላትም። በ2018 አሜሪካ ከቻይናው ሰፈር በተለቀቀ የሌዘር ጨረር ሁለት አብራሪዎቿ ዓይናቸው ላይ ቀላል ጉዳት እንደደረሰባቸው ስትከስ፣ ቤጂንግ አስተባብላለች። የሁለት ባላንጣዎች አጥር ሲጎራበት የሚፈጠረው ይኸው ነው።

ሰልፍ ሌላ፣ ቁጥጥር ሌላ

የመርከብ ብዛት ባሕርን ያስከብራል የሚለው እምነት በቅርብ ጊዜ የተፈተነው በባብ ኤል መንደብ ነው። የየመን ሁቲዎች በኖቬምበር 2023 “ጋላክሲ ሊደር” የተባለችውን የጭነት መርከብ በሄሊኮፕተር ወርደው ከያዙ በኋላ በሚሳይልና በድሮን ማጥቃቱን ቀጠሉ። በዲሴምበር አሜሪካ “ፕሮስፔሪቲ ጋርዲያን” የተባለ ጥምር ኃይል አቋቋመች። በጃንዋሪ 2024 ከእንግሊዝ ጋር ሆና የየመንን ምድር መደብደብ ጀመረች። በፌብሩዋሪ የአውሮፓ ኅብረት የራሱን ባሕር ኃይል አሰማራ።

ውጤቱስ? የስዊዝ ቦይ ገቢ በ2023 ከነበረበት 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በ2024 ወደ 4 ቢሊዮን አሽቆለቆለ። ታላላቆቹ የመርከብ ኩባንያዎች በደቡብ አፍሪካ በኩል መዞርን መረጡ። ከማርች እስከ ሜይ 2025 አሜሪካ ድብደባዋን አጠናክራ ከቀጠለች በኋላ ነገሩ በኦማን ሸምጋይነት ቆመ። ሁቲዎች የአሜሪካን መርከቦች ላለመንካት ተስማሙ፤ የሌላውን ግን ዋስ የሆነለት አልነበረም። በጁላይ 2025 “ማጂክ ሲስ” እና “ኢተርኒቲ ሲ” የተባሉ ሁለት የንግድ መርከቦች በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰጠሙ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በ2024 መጀመሪያ የሁቲ መሪዎች ለቻይናና ለሩሲያ መርከቦች ደህና መተላለፊያ እንሰጣለን ብለው ነበር። ጅቡቲ ላይ ሰፈር ያላት ቻይናም የአሜሪካን ጥምር ኃይል አልተቀላቀለችም። እያንዳንዱ ኃያል መርከብ የሚልከው በቅድሚያ ለራሱ ነው። ሲስማማም ለራሱ ይስማማል።

የእኛ ሒሳብ

ከኢትዮጵያ የውጭ ንግድ 90 በመቶ የሚበልጠው የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። የጅቡቲ ወደብ ከባብ ኤል መንደብ በስተደቡብ ስለሚገኝ ከቻይናና ከሕንድ የሚመጣ ዕቃ ጠባቡን መተላለፊያ ሳይሻገር ይደርሳል። ከአውሮፓ፣ ከቱርክና ከጥቁር ባሕር የሚመጣው ማሽን፣ መድኃኒትና ስንዴ ግን የተለመደ መንገዱ በዚያው ነው። ወደ ጀርመን የሚላከው ቡናችንም እንዲሁ። መርከቡ አፍሪካን ዞሮ ሲሄድ ጉዞው በአሥር ቀንና ከዚያ በላይ ይረዝማል። የማጓጓዣው ክፍያና የጦርነት ስጋት መድን በውጭ ምንዛሪ ተከፍለው ወደ ሸማቹ ይወርዳሉ። የኃያላኑን ፉክክር የምናውቀው በቴሌቪዥን ብቻ ሳይሆን በመደብሩ ዋጋም ነው።

ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር በአንድ ወደብ ላይ መንጠልጠሏ ያሳስበናል የሚሉ ወገኖች እውነት አላቸው። ጥያቄው መፍትሔው በማን መርከብ ይመጣል የሚለው ነው። በማርች 2019 ፈረንሳይ የኢትዮጵያን ባሕር ኃይል መልሶ ለማቋቋም ልታግዝ ተፈራረመች፤ በ2021 በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ ትብብሩን አቋረጠች። በጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ከሶማሊላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ደግሞ ያልተጠበቀ ሰልፍ ጠራ። በፌብሩዋሪ ሶማሊያ ከቱርክ ጋር፣ በኦገስት ከግብፅ ጋር የመከላከያ ስምምነት ተፈራረመች። በሴፕቴምበር የግብፅ የጦር መርከብ ሞቃዲሾ ላይ መሣሪያ አራገፈች። በኦክቶበር የቱርክ የነዳጅ ፍለጋ መርከብ በጦር መርከቦች ታጅባ መጣች። እኛ አንድ ዳርቻ ስንጠይቅ፣ የሁለት አገሮች መርከቦች በዓመቱ ውስጥ ደጃችን ደረሱ።

ነገሩ የረገበው በዲሴምበር 11 ቀን 2024 አንካራ ላይ፣ በጠረጴዛ ዙሪያ ነው። የአንካራው መግለጫ ለኢትዮጵያ በሶማሊያ ሉዓላዊነት ሥር አስተማማኝ የባሕር መተላለፊያ እንዲፈለግ ይላል። ዝርዝሩ ለቀጣይ ድርድር ቢተውም አቅጣጫው ግልጽ ነው፤ የወደቡ ባለቤት ያልፈቀደው መንገድ ጠባቂ ያበዛል እንጂ ጭነት አያመላልስም።

ይህ ማለት ስለ ባሕር አናስብ ማለት አይደለም። ወደብ የሚያስተማምነው ከኋላው ያለው የየብስ መንገድ ሰላም ሲሆን፣ ጎረቤቱም ከጭነቱ ጥቅም ሲያገኝና ኪራዩ በወቅቱ ሲከፈል ነው። ለዚህ ደግሞ የጅቡቲን መስመር ማጠናከር፣ በርበራን፣ ላሙንና ሌሎችንም በንግድ ስምምነት መጨመር ከሰልፉ ያነሰ ትርኢት፣ የበለጠ ፋይዳ አለው።

አበው “የሰው ወርቅ አያደምቅ” ይላሉ። በርበራ ላይ ዚያድ ባሬ፣ ዳህላክ ላይ ደርግ የሰው መርከብ አይተው ደምቀናል ብለው ነበር። በ1996 ጅቡቲ ላይ ሐራጅ የወጡት መርከቦቻችንም ቢሆኑ በጠላት መድፍ አልተማረኩም፤ የተያዙት ባልተከፈለ የወደብ ኪራይ ነው።