የልጆቻችን አፍ ለምን ይቆስላል?

በዚህ ወር ዓምዳችን ልናወያያችሁ ያሰብነው ብዙዎቻችን እንደ ቀላል ነገር ስለምናልፈው ስለ አፍ ቁስል ነው። ርእሱን እንድንመርጥ ያደረገን በማስተማር ሥራችን ላይ የገጠመን አንድ ጉዳይ ስለሆነ በእሱ እንጀምር።

በመድረሳ ከምናስቀራቸው ልጆች መካከል አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ድምፁ ያማረ፣ ሒፍዙም ፈጣን ነው። በአንድ ወቅት ግን ተራው ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ማድረግና ከንፈሩን በቅጡ ሳይከፍት ማጉተምተም ጀመረ። በተለይ «ዷድ» የምትባለዋን ፊደል ጨርሶ ያበላሻት ነበር። እኛም «ስንፍና ገባው» ብለን ገሠጽነው፤ አልበቃ ብሎን በጓደኞቹ ፊት አቆምነው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ እናቱ መጥተው፣ «ኡስታዝ፣ ልጄ እንጀራ መብላት አቅቶታል፤ እስቲ ምላሱን ይመልከቱልኝ» አሉን። ብናይ በምላሱ ጎን የምስር ክክ የምታህል ነጭ ቁስል ተቀምጣለች፤ በትክክል ከእሷ ፊት ለፊት ደግሞ አንድ የተሸረፈ የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ስለቱን አውጥቶ ቆሟል። «ዷድ» የምትወጣው የምላስ ጎን የላይኛውን መንጋጋ ሲነካ መሆኑን ለልጆቹ በየቀኑ የምናስተምር እኛ፣ ልጁ ፊደሏን በጠራ ቁጥር ቁስሉን በስለት ሲፈትግ እንደነበር አላስተዋልንም።

ልጁ ጤና ጣቢያ ተወስዶ ጥርሱ ከተስተካከለለት በኋላ ቁስሉ በአሥር ቀን ውስጥ ደረቀ፤ አልሐምዱሊላህ። እኛም በጓደኞቹ ፊት እንዳቆምነው ሁሉ በጓደኞቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅነው። ከዚያ ወዲህ ልጅ ዝም ሲል ከመቆጣታችን በፊት «አፍህን ክፈት እስቲ» ማለትን ተምረናል።

ቁስሉ ምንድን ነው?

በአፍ ውስጥ በብዛት የሚታየው ቁስል ክብ ወይም ሞላላ፣ መሐሉ ነጭ ወይም ቢጫ፣ ዙሪያው ቀይ የሆነ ነው። የሚወጣውም በጉንጭ ውስጠኛ ክፍል፣ በከንፈር ውስጥ ወይም በምላስ ላይ ሲሆን መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ያነሰ ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ጠባሳ ሳይተው ይድናል። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

በከንፈር ዳር ውኃ ቋጥሮ የሚወጣውና በየቤቱ «ምች» የምንለው ግን ሌላ ነው። ብዙዎቻችን የፀሐይና የምግብ ሽታ ውጤት አድርገን እናየዋለን እንጂ የሚያመጣው ሄርፐስ የተባለ ቫይረስ ነው። ይህኛው በመሳሳም ይተላለፋል፤ በተለይ ለአራስ ሕፃን እጅግ አደገኛ ነው። ስለሆነም በከንፈሩ ላይ ምች ያለበት ሰው፣ አያትም ብትሆን አክስት፣ ሕፃኑን ከመሳም ትታቀብ። ቅር የሚሰኝ ዘመድ ቢኖር እንኳ የሕፃኑ ሕይወት ይበልጣል።

ወደ መጀመሪያው ቁስል እንመለስ። ምንጩ ሙሉ በሙሉ ተለይቶ አልታወቀም፤ የሚቀሰቅሱት ነገሮች ግን ብዙዎቹ ይታወቃሉ። ጉንጭን በድንገት መንከስ፣ የተሸረፈ ጥርስ፣ ጠንካራ የጥርስ ብሩሽ፣ የሚያቃጥል ሻይ፣ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ይገኙባቸዋል። የብረት ማዕድን፣ የፎሊክ አሲድና የቫይታሚን ቢ 12 እጥረትም ቁስሉ እንዲመላለስ ያደርጋል። በአንዳንድ ቤተሰብ ደግሞ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርድ ዝንባሌ ነው። እንግዲህ «አፉ የቆሰለ ሁሉ ንጽሕና የጎደለው ነው» ማለት ስሕተት ነው፤ የቆሰለውን በሐሜት ዳግመኛ ማቁሰል ይሆናል። ሆኖም ንጹሕ አፍ ቁስል የሚያመጡ ነገሮችን ይቀንሳል፤ የወጣውም እንዳያመረቅዝና ቶሎ እንዲድን ይረዳል።

ዉዱእና ሲዋክ

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ለአምስቱ ሶላቶች ለእያንዳንዳቸው ዉዱእ የሚያደርግ ሰው በእያንዳንዱ ዉዱእ ሦስት ጊዜ አፉን ቢጉመጠመጥ በቀን አሥራ አምስት ጊዜ አፉን አጠበ ማለት ነው። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን ብዙዎቻችን ውኃውን ከከንፈር ሳናሳልፍ እንተፋዋለን። ውኃው በጉንጭና በድድ መካከል ተንከባሎ የምግብ ቅሪቱን ይዞ ሊወጣ ይገባል። ያም ሆኖ ውኃ ብቻ በጥርስ ላይ የሚጋገረውን ስስ ቆሻሻ አያስለቅቅም፤ መፋቅ ያስፈልጋል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሲዋክን አጥብቀው መውደዳቸውንና ከእንቅልፍ ሲነሱ በእሱ መጠቀማቸውን ሁላችንም እናውቃለን። በአገራችንም ወይራን የመሳሰሉ እንጨቶች ለመፋቂያ ያገለግላሉ፤ በቆላማ አካባቢ የአራክ ዛፍ ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅትም በመፋቂያ መጠቀምን ደግፏል። ታዲያ ሱናው በአያያዝ ጉድለት ጉዳት እንዳያመጣ እንጠንቀቅ። በኪስ ውስጥ ከርሞ የደረቀ መፋቂያ እንደ ሚስማር ነው፤ ድድን ይወጋል፣ ቁስልም ይፈጥራል። ጫፉን በንጹሕ ውኃ አርሰን፣ ልጣጩን አንሥተን፣ ክሩ እስኪለሰልስ ማኘክ ይገባል። ከዚያ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ በቀስታ እንፋቅ፤ የጥርስን የውስጥ ገጽታና የመንጋጋን ጀርባ አንርሳ። ያገለገለውን ጫፍ በየቀኑ ቆርጠን እንጣል። መፋቂያም ሆነ ብሩሽ ለየራስ ነው፤ ባልና ሚስትም ቢሆኑ አይጋሩት።

ብሩሽ የሚጠቀም ሰው ለስላሳ የሆነውን ይምረጥ፤ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ጠዋትና ማታ ከመኝታ በፊት ለሁለት ደቂቃ ያህል ይቦርሽ። ብሩሹ በየሦስት ወሩ፣ ወይም ፀጉሩ ከተንጨባረረ ከዚያም በፊት ይለወጥ። አፋቸው ደጋግሞ የሚቆስል አንዳንድ ሰዎች ሶዲየም ሎሬል ሰልፌት የተባለው አረፋ ሰጪ ነገር የሌለበትን ሳሙና ሲይዙ ቁስሉ እንደሚቀንስላቸው ታይቷል፤ የሳሙናውን ማሸጊያ ማንበብ አይከፋም። ለሕፃናት የሳሙናው መጠን ከሦስት ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። እስከ ሰባት ዓመታቸው ድረስም ወላጅ ራሱ ቢቦርሽላቸው መልካም ነው፤ የልጅ እጅ መንጋጋ ድረስ አይዘልቅም።

በረመዳን አፍ ስለሚደርቅ ቆሻሻ በቀላሉ ይጋገራል። ስለዚህ ከሱሑር በኋላ ፈጅር ሳይገባ፣ ማታም ከመኝታ በፊት በደንብ እንቦርሽ። ሲዋክ ለጾመኛ የተፈቀደ ነው፤ ሆኖም የሻፊዒይ መዝሀብ ሊቃውንት ፀሐይ ከዘነበለች በኋላ መጠቀምን እንደ መክሩህ ስለሚያዩት ዝርዝሩን ዑለሞቻችንን መጠየቅ ነው።

ቁስሉ ሲወጣ

ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ባለ ውኃ አሟሙቶ በቀን ሦስት አራት ጊዜ መጉመጥመጥ ርካሽና ጥሩ መላ ነው፤ ውጦ መጨረስ ግን አይደለም። ቁስሉ እስኪደርቅ ሚጥሚጣ፣ ቃሪያ፣ ሎሚና የሚያቃጥል ነገር ይቅር። ለልጆች አልጫ፣ ገንፎ፣ ቀዝቀዝ ያለ ወተት ይስማማቸዋል። ቁስሉ የሚመላለስባቸው ሰዎች ምስር፣ ጎመን፣ እንቁላልና ሲገኝም ጉበት ቢያዘወትሩ፣ ደማቸውንም ቢመረመሩ ይጠቀማሉ።

የማይደረገውንም እንናገር። አስፕሪን አድቅቆ ቁስል ላይ ማድረግ የአፍን ሽፋን ያቃጥላል፤ አንዱን ቁስል ሁለት ማድረግ ነው። ቁስሉን በጥፍር መፋቅም እንዲሁ። ሲጋራና ጫትም አፍን ይጎዳሉ፤ ጫት በአንድ ጉንጭ ለሰዓታት ተይዞ ሲቆይ የጉንጩ ሽፋን ተለውጦ ነጭ ሆኖ እንደሚታይ የጥርስ ሐኪሞች ያውቁታል።

የማይጠበቅበት ጊዜ

ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ ቁስል፣ ባያምም እንኳ፣ ወደ ሐኪም መሄድ ግድ ነው፤ የአፍ ካንሰር አንዳንዴ ያለ ሕመም ይጀምራልና። ከትኩሳት ጋር የመጣ፣ መብላትና መጠጣት የከለከለ፣ ወይም በዓይንና በሐፍረተ ሥጋ ላይ ከሚወጣ ቁስል ጋር የተያያዘም መታየት አለበት።

ከሁሉም በላይ እናቶች ልብ እንዲሉት የምንፈልገው «ኖማ» የተባለውን በሽታ ነው። ይህ በሽታ በአብዛኛው ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ፣ በምግብ እጥረት የተጎዱና እንደ ኩፍኝ ያለ በሽታ ያዳከማቸው ድሃ ሕፃናትን ይይዛል። አጀማመሩ ከተራ የድድ ቁስል ጋር ይመሳሰላል፤ ድድ ያብጣል፣ ይደማል፣ አፍ መጥፎ ጠረን ያመጣል። ከዚያም በጥቂት ቀናት ውስጥ ጉንጭን በልቶ አጥንት ድረስ ይደርሳል። ካልታከመ ከመቶ ሕፃናት እስከ ዘጠናዎቹን ሊገድል ይችላል። በጊዜው ከተደረሰበት ግን በሚታወቁ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች፣ በአፍ ንጽሕናና በምግብ ይድናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ዲሴምበር ወር ኖማን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። በሽታው እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ልጁን በጓዳ መደበቅ፣ ሰው እንዳያይ መሸሸግ ግን ዕድሉን መንጠቅ ነው። በጎረቤታችን ኩፍኝ ይዞት የተነሣ፣ ሰውነቱ የከሳ ልጅ ካለ ድዱን እንይለት፤ እናቱ አቅም ባይኖራት እጇን ይዘን ጤና ጣቢያ እናድርሳት። ይህ የጎረቤት ሐቅ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ከዛሬ ማታ ጀምሮ አንድ ነገር እንድታደርጉ እንጠይቃችኋለን። ልጆቻችሁ ከመተኛታቸው በፊት በብርሃን አጠገብ አስቀምጣችሁ አፋቸውን አስከፍቱ። ምላሳቸውን ወደ ጎን አስወጡ፣ ከንፈራቸውን ገልብጡ፣ የተሸረፈ ጥርስ ካለ እዩ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኛ ያችን ሁለት ደቂቃ ባለመስጠታችን አንድ ልጅ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቁርኣንን በሕመም እንዲቀራ አድርገናል።

አላህ ልጆቻችንን በጤና ያሳድግልን፤ አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።