ከአዛን በኋላ፣ ከስልክ በፊት

በሰኔ ወር ሪያድ ውስጥ የንጋት አዛን የሚሰማው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። አንዱ መስጊድ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ከዚያ ከየአቅጣጫው ይደራረባል። አዛኑ ሲያበቃ ግን ከተማው ወዲያው አይንጫጫም። ሰጋጁ ሰግዶ ይመለሳል፣ ብዙው ሰው መልሶ ይተኛል፣ ፀሐይ እስክትወጣም አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይቀራል። ቀን ፊት የሚገርፈው ሐሩር ገና አልተነሳም፣ መንገዱም ጭር ያለ ነው። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያች ሰዓት ነው። አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ከተማ ኖሬ ያገኘሁት ትልቁ ሀብት እሷ ናት።

የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በኮንትራት የቤት ሠራተኛ ነበርኩ። የምንተኛው ጣራ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ከሮቶው አጠገብ ነው። በበጋ ሮቶው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ስለሚውል፣ ቀዝቃዛ ተብሎ የሚከፈተው ቧንቧ ሌሊትም ሙቅ ውኃ ያወርዳል። አብራኝ የምትሠራው የወሎ ልጅ ነበረች፣ በዕድሜ ከእኔ አራት ዓመት የምታንስ። እኔ ያኔ ዓይኔን ሳልገልጥ እጄ ስልኬን ፍለጋ ትራስ ሥር ይገባ ነበር። ኢሞ ላይ ሌሊቱን የተላከውን ድምፅ ሁሉ ተኝቼ እሰማለሁ። የወንድሜ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የተዘለለ ዕቁብ፣ የአጎቴ ሕመም፣ «መቼ ነው የምትልኪው» የሚል ጥያቄ። ከአልጋ ሳልወርድ ደክሜአለሁ። አሠሪያችን ማዳም ስትጠራኝ ልቤ ቀድሞ ተሰብሯል።

የወሎዋ ልጅ ግን የንጋቱን ሶላት፣ ሱብሂን፣ ከሰገደች በኋላ ከመስገጃዋ አትነሳም። የተስቢህ መቁጠሪያዋን ይዛ፣ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ትቀመጣለች። ሠላሳ ሦስት፣ እንደገና ሠላሳ ሦስት፣ እንደገና ሠላሳ ሦስት። ቆጥራ ስትጨርስ ደግሞ ምንም ሳትል ጥቂት ትቆያለች። አንድ ቀን «ሰግደሽ የለ፣ ለምን ትንሽ አትተኚም?» አልኳት።

«አብሽሪ እታለም» አለችኝ፣ «ማዳም ስትነሳ የሷ ነኝ። አሁን ግን ያላህ ብቻ ነኝ።»

ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። በሰው ቤት የምትሠራ ሴት ጊዜ አላት ሲባል የማን ጊዜ ነው? ከወጥ ቤት እስከ ልጆቹ መኝታ ያለው ሰዓት ሁሉ ባለቤት አለው። ያልተሸጠችው ያቺ የንጋት ቁራጭ ብቻ ናት፣ እኔ ደግሞ እሷንም ለስልኬ አሳልፌ ሰጥቼ ነበር።

የነቢዩ ሙሐመድ አዛን አሰሚ ስለነበረው ስለ ቢላልም የነገረችኝ ይህችው ልጅ ናት። በንጋቱ አዛን ላይ፣ በሌሎቹ ሰዓታት የማይባል አንድ ሐረግ ይጨመራል፤ ሶላት ከእንቅልፍ እንደሚበልጥ የሚናገር። ያንን ሐረግ በመጀመሪያ ያሰማው ቢላል፣ ሐበሻው ቢላል እንደሆነና ነቢዩም ወደውለት እንደጸና በሙስሊሞች ዘንድ ይነገራል። ሰምቼ ዝም አልኩ። ይህ ሁሉ ሕዝብ በየንጋቱ የሚቀሰቀሰው የእኛው ዘር ባሰማው ቃል ነው ማለት ነው። እኛ ከጣራ ላይ ሆነን የምንሰማው ድምፅ ያን ያህል ባዕድ አልነበረም።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። በዚህ አገር ቤተ ክርስቲያን የለም፣ ቅዳሴ የለም፣ የኪዳን ደወል የለም። ስለዚህ ጸሎቴን በጣቶቼ ጀመርኩ። ግድግዳውን ተደግፌ፣ እግሬን ወለሉ ላይ አድርጌ፣ አርባ አንድ ጊዜ እግዚኦ በሹክሹክታ። መቁጠሪያ ስላልነበረኝ በጣቶቼ አንጓ እቆጥር ነበር። ካበቃሁ በኋላ እንደ እሷ ዝም እላለሁ። ትንፋሼን ብቻ አዳምጣለሁ፣ ሲገባ፣ ሲወጣ። ሐሳቤ ወደ ወንድሜ ክፍያ ይሮጣል፣ መለስ አደርገዋለሁ። ወደ ማዳም ቁጣ ይሮጣል፣ እንደገና መለስ። የመጀመሪያው ወር ላይ አምስት ደቂቃ እንኳ መቀመጥ ከበደኝ። ሐሳብ መበተኑን ጥፋት አድርጌ ስለማየው በራሴ እናደድ ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ሥራው መመለሱ ነው፣ ሺህ ጊዜ ቢሄድ ሺህ ጊዜ መመለስ።

አንዳንድ ወገኖቼ ተመስጦ ሲባል የሕንድ ነገር፣ ወይም የቱጃሮች መዝናኛ ይመስላቸዋል። እዚሁ ሳዑዲ ዮጋ እ.ኤ.አ. በ2017 እንደ ስፖርት እንቅስቃሴ ዕውቅና አግኝቷል፣ ለዚህም ብዙ የደከመችው ኑፍ አል መርዋኢ እ.ኤ.አ. በ2018 ከሕንድ መንግሥት የፓድማ ሽሪ ሽልማት ተቀብላለች። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም ዲሴምበር 21ን የዓለም የተመስጦ ቀን ብሎ ከ2024 ጀምሮ ያስባል። ደስ ይላል። ግን ከዚያ ሁሉ በፊት እኛ ጥሞና የሚል ቃል አለን። ገዳማውያኑ በዝምታ ያድራሉ፣ የወሎ ሐድራ በዚክር ያነጋል፣ ጴንጤ ወገኖቻችንም ጠዋት ጠዋት «የጥሞና ጊዜዬ» ይላሉ። ከአያቶቻችን ቤት የወጣ ነገር ነው። ስሙም ልማዱም አይጠፋንም።

ሐኪሞቹስ ምን ይላሉ? ሰው ከነቃ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ገደማ ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን በሰውነት ውስጥ ከፍ ይላል። ተፈጥሮ ለቀኑ ስታስነሳን ነው። በዚያ ላይ ገና ከመንቃታችን ክፉ ወሬ ስንጨምርበት ምን እንደሚሰማን ለማወቅ ሐኪም መጠየቅ አያስፈልግም። በአንጻሩ ትንፋሽን ቀስ አድርጎ ማስወጣት የልብ ምትን ያረጋጋል። ጆን ካባት ዚን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትምህርት ቤት የተመስጦ ሥልጠና ከጀመረ ወዲህ ነገሩ ብዙ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ፣ 47 ጥናቶችንና ከ3,500 በላይ ሰዎችን ያጠቃለለ ግምገማ ለጭንቀት፣ ለድብርትና ለሕመም መጠነኛ ጥቅም እንዳለው አግኝቷል። ከመድኃኒት ወይም ከአካል እንቅስቃሴ ይበልጣል የሚል ማስረጃ ግን አላገኘም። ይህ ሐቀኛ መልስ ስለሆነ ወድጄዋለሁ። መጠነኛ ማለት ለእኛ ትንሽ አይደለም።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይህ ልማድ ባይኖረኝ እንዴት እሆን እንደነበር አላውቅም። ለወራት ስልኬ ዝም አለ። ቀድሞ ያማረረኝን የኢሞ ጩኸት ተመኘሁት። ጠዋት ስቀመጥ ዝምታው ራሱ ያስፈራኝ ጀመር፣ ምክንያቱም እናቴ ያለችው ከዚያ ዝምታ ወዲያ ነበር። አንዳንድ ቀን ተቀምጬ የማደርገው ማልቀስ ብቻ ነበር። ግን አልቅሼ ስነሳ ሥራዬን እሠራ ነበር፣ ሰው አልሰደብኩም፣ የሰው ልጅ ላይ እጄን አላነሳሁም።

አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልናገር። በዚህ ወሬ የሚቆጡ አሉ፣ እውነት አላቸው። ሌሊት 7 ሰዓት ተኝታ 11 ሰዓት የምትነሳ ልጅን «ጥሞና አድርጊ» ማለት ግፍ ነው፤ እሷ የሚያስፈልጋት እንቅልፍ ነው። በ2024 ሥራ ላይ የዋለው የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ የቀን ሥራ ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንትም አንድ ሙሉ ቀን ዕረፍት እንዲኖር ያዛል። ያን መጠየቅ መብት ነው፣ ጥሞናም የመብት ምትክ አይሆንም። እኔ ራሴ በአንድ ቤት የአራት ወር ደሞዝ ተይዞብኝ ያውቃል። ተቀምጬ ስለተነፈስኩ አልተከፈለኝም። የጠቀመኝ በሌላ በኩል ነው፤ አንድ ጠዋት ልቤ ሲረጋ፣ መጮኼንና ዕቃ መስበሬን ትቼ የሠራሁበትን ቀን ሁሉ በደብተር መጻፍ እንዳለብኝ ታየኝ። ጻፍኩ። ጉዳዩ ሲታይ በእጄ የነበረው ያ ደብተር ብቻ ነበር፣ ሦስቱን ወር አስገኝቶልኛል።

ጥሞና መከራን ለመልመድ የሚደረግ አይደለም። አጥርቶ ለማየት ነው። ስንናደድ የምናየው የበደለንን ሰው ፊት ብቻ ነው፣ ስንረጋ ግን መውጫው በርም ይታየናል።

አሁን የምኖረው በሪያድ መንፉሃ ሰፈር ነው፣ በስፌት ሥራ፣ ከሦስት ሴቶች ጋር በአንድ ክፍል። የወሎዋ ልጅ አገሯ ገብታ ወልዳለች። እኛ ማታ ማታ ስልኮቻችንን በባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አድርገን በሩ አጠገብ እናስቀምጣለን። አዛኑ ካለፈ በኋላ እያንዳንዳችን በየራሳችን እንቀመጣለን። አንዷ በመስገጃዋ፣ አንዷ በመጽሐፍ ቅዱሷ፣ እኔ ግድግዳዬን ተደግፌ። አሥራ አምስት ደቂቃ ማንም አያወራም። ከዚያ ሻይ ይፈላል፣ ቆርቆሮው ይከፈታል።

ባለፈው ወር አንዲት አዲስ ልጅ መጣችብን። እናቷ ደሴ ሆስፒታል ተኝታለች። ቆርቆሮውን ስናሳያት ስልኳን ደረቷ ላይ ለጥፋ «እኔስ አልችልም፣ ቢደውሉልኝስ?» አለች። ተያየን። የእሷ ስልክ ክፍት ይደር፣ የእኛ ይገባል ብለን ተስማማን። በማግስቱ አዛኑ ካለፈ በኋላ ሳያት ከአልጋዋ ጫፍ ተቀምጣለች። ስልኩ ጭኗ ላይ ነው፣ መብራቱ ወደ ታች ተደፍቷል፣ መዳፏ በላዩ ተከድኗል። ዓይኗን ጨፍናለች።