የአክስቴ ዕቁብና የእኔ ምክር

«አንተ የተማርክ ነህ፤ አንተው ምረጥላት።» ይህን ያለችኝ አክስቴ ናት። ዕቁብ ወጥቶላት 35 ሺህ ብር በእጇ ገብቷል። ልጇ አካውንቲንግ ልትማር ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ተመድባለችና ላፕቶፕ ያስፈልጋታል። አክስቴ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች በማቅረብ ነው የምትተዳደረው። ይህ ብር ከባከነ ሌላ ዕቁብ እስኪደርሳት አንድ ዓመት መጠበቅ አለባት።

እውነቱን ልናገርና፣ አክስቴ ያመነችኝ የኋላ ታሪኬን ስለማታውቅ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ለታላቅ ወንድሜም ላፕቶፕ የመረጥኩት እኔው ነበርኩ። ሱቅ ገብቼ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅሁ፤ «ኮር አይ ሰቨን ነው?» ሻጩ «አዎ» አለ፣ ከፈልን። ባትሪው ግማሽ ሰዓት አይቆይም፤ እስኪነሳ ድረስ ቡና አፍልቶ መጠጣት ይቻላል። በሦስተኛው ወር ጭራሽ አልበራ አለ። ደረሰኝ አልተቀበልንም፤ ዋስትናው «እኔ አለሁ» የሚል የአፍ ቃል ነበር። ጥፋቱን በሻጩ ላይ ላላክከው አልፈልግም። ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ።

ውድ አንባብያን፣ እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ። ክፍል ውስጥ «ምንጭህን አጣራ» እየተባልን ውለን፣ ሱቅ ስንገባ ላፕቶፑ ላይ የተለጠፈውን ስቲከር ለምን እንደ ወንጌል እንቀበላለን? ብዙዎቻችን በቤተሰባችን ዘንድ «ኮምፒውተር አዋቂ» ነን። የምንሰጠው ምክር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጓደኛ የሰማነው ወሬ ነው።

ለምሳሌ ያንኑ «ኮር አይ ሰቨን» እንውሰድ። ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው ዕድሜውን የሚናገረው። በ4600 የሚጠራው አራተኛ ትውልድ ነው፤ በ8250 የሚጠራው ደግሞ ስምንተኛ። የፊተኛው አይ ሰቨን ተብሎ ሁለት ኮር ብቻ ሲኖረው፣ የኋለኛው አይ ፋይቭ ሆኖ አራት አለው። ሌላም ነገር አለ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያለውን ነው የሚቀበለው። አራት ዓመት ለምትማር ልጅ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ጓደኞቼ «ምን አስጨነቀህ፣ አዲስ ግዛና ተገላገል» ብለውኛል። ገንዘብ ላለው ሰው ጥሩ ምክር ነው። ነገር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ብር ከዶላር አንጻር ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጥቷል። ላፕቶፕ ደግሞ በዶላር የሚመጣ ዕቃ ነው። በአክስቴ ብር የሚገኘው አዲስ ማለት ሴሌሮን፣ 4 ጊጋ ራም፣ ኋላ ላሻሽለው ቢሉ የማይሻሻል ነው። ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው፤ አቅሙ ለተወሰነ ሰው፣ ተፈትሾ የተገዛ ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ከሚያብረቀርቅ ደካማ አዲስ ይሻላል። ቲንክፓድ፣ ላቲቲዩድ፣ ኤሊትቡክ የሚባሉት ለመሥሪያ ቤት ሥራ ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ አብዛኞቹ ሲበላሹ ለመፍታትም ለመለወጥም ይመቻሉ።

ዋናው ቃል ግን «ተፈትሾ» የሚለው ነው። በዚህኛው ጊዜ ከአክስቴ ልጅ ጋር ሆነን ሱቅ ለሱቅ ዞርን። አንዱ ሻጭ «ሳትገዙ አይከፈትም» ሲለን አመስግነን ወጣን። ሌላ ቦታ ግን ተቀምጠን ሁሉንም ቁልፍ አንድ በአንድ ጻፍንበት፤ ካሜራውን፣ ድምፁን፣ ዋይፋዩን፣ የፍላሽ መሰኪያውን ሞከርን። ባዮሱ በይለፍ ቃል የተቆለፈ አለመሆኑን አየን። ዊንዶውስ ራሱ ከሚያወጣው የባትሪ ሪፖርት ላይ ባትሪው ሲሠራ የነበረውን አቅም አሁን ሞልቶ ከሚይዘው ጋር አስተያየን። መብራት በሚጠፋበት አገር ባትሪ የቅንጦት ነገር አይደለም። ይሄ ባትሪ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበርና ዋጋው ላይ ተከራከርንበት።

በመጨረሻ ስምንተኛ ትውልድ አይ ፋይቭ ላቲቲዩድ፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ያለው ገዛን። ክዳኑ ላይ ጭረት አለበት። ደረሰኝ ተቀበልን፤ የዋስትናውን ቀንም ከጀርባው አስጻፍን። ለአዲስ ባትሪ የሚሆን ብርም ተረፈ። አክስቴ ጭረቱን በጣቷ ዳሰስ አድርጋ «ይሄ አሮጌ አይደለም እንዴ?» ስትለኝ፣ ደንገጥ ብዬ አንድ በአንድ አስረዳኋት። «እንግዲህ አንተ ካየኸው» አለች።

ይህቺ «አንተ ካየኸው» ናት እንቅልፍ የምትነሳኝ። ላፕቶፑ ነገም ሊበላሽ ይችላል፤ ዕቃ ነው። ቢበላሽ ግን «ሳልጠይቅ ገዛሁ» አልልም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይሉ የለ? እኔም ከመምከር መመርመር ይቅደም እላለሁ። የማናውቀውን «አላውቅም፣ ጠይቄ ልምጣ» ማለት ለጋዜጠኛም ለወንድምም ነውር የለውም። በሰው ዕቁብ አንቀልድ።

ቸር ይግጠመን።