የሕመምተኛው ቃል እንደ ሕክምና ማስረጃ፦ ከአእምሮ ሕመም ያገገሙ ሰዎች ለባለሙያ ምን ያስተምራሉ?

የአእምሮ ሕመም ክትትል በአብዛኛው በሁለት ጥያቄዎች ላይ ያተኩራል፤ ምልክቶቹ ቀንሰዋል ወይ? መድኃኒቱስ በአግባቡ ይወሰዳል? ሁለቱም አስፈላጊ ናቸው። ሆኖም ሕክምና ለምን እንደሚቋረጥና ማገገም በምን እንደሚታወቅ ለመረዳት የታማሚውን ቃል መስማት ግድ ይላል።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው በቡታጅራ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ጥናት ነው። ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎች፣ አስታማሚዎቻቸውና የጤና ባለሙያዎች መድኃኒት የሚቋረጥበትን ምክንያት ሲጠየቁ፣ ጎልተው ከወጡት መልሶች አንዱ የምግብ እጥረት ነበር። መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎትን ይጨምራል፤ በቤት ውስጥ ግን በቂ ምግብ የለም። በባለሙያ ዓይን የግንዛቤ ማነስ ሊመስል የሚችለው ውሳኔ፣ በታማሚው አንደበት ሲገለጽ ከረሃብ የመሸሽ ምርጫ ሆነ።

ይህ ግኝት ለእስቴ ወረዳ ባዕድ አይደለም። ከገጠር ቀበሌ ወደ መካነ ኢየሱስ ለክትትል የሚመጣ ገበሬ ክረምቱ ሲገፋ ጎተራው ሊጎድል ይችላል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ የምግብ ሰዓቱ ይለወጣል፤ ጠበል ሲጠመቅ መድኃኒቱን መተው አለመተዉን ካልተጠየቀ ላይናገር ይችላል። ማገገሙንም የሚለካው ሞፈር በመጨበጡና በዕድር ከሰው እኩል በመቆጠሩ ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለው መለኪያ በሕክምናው ዓለምም ቦታ አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው የማገገም ማዕቀፍ ትስስርን፣ ተስፋን፣ ማንነትን፣ የሕይወት ትርጉምንና በራስ ጉዳይ የመወሰን አቅምን የማገገም ዋና ሂደቶች ያደርጋቸዋል። በሶዶ ወረዳ 166 ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን ሰዎች ያሳተፈው ሙከራም፣ ከጤና ጣቢያ ሕክምና ጋር ማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶ ሲታከል ከ12 ወራት በኋላ በዕለት ኑሮ ላይ የሚደርሰው ጉዳት እንደሚቀንስ አሳይቷል።

እርግጥ ነው፣ ምስክርነት ወሰን አለው። የሚናገሩት በብዛት የተሻላቸው ናቸው፤ በቤት ታስረው የቀሩት አይሰሙም። የመድኃኒትን ፈዋሽነትም በግለሰብ ታሪክ ማረጋገጥ አይቻልም። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ትንሽ ከተማ ደግሞ ምስጢር መጠበቅ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በየቀጠሮው ስለ ምግብ፣ ስለ ጾም፣ ስለ ጠበልና ስለ ሥራ ያለ ወቀሳ ይጠየቅ፤ «ለእርስዎ መዳን ማለት ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄም ይታከል። መልሱ በታማሚው ፈቃድ፣ በራሱ ቃል በካርዱ ላይ ይጻፍ፤ ቀጣዩ የሕክምና ውሳኔም እርሱን ያገናዘበ ይሁን።