የሁለቱ ባቡሮች አለመገናኘትና የገበያው ጉዳት

ንግድ በመንገድ ይኖራል፤ መንገድም ሙሉ ዋጋ የሚያገኘው ከሌላ መንገድ ጋር ሲገናኝ ነው። ይህን ለመረዳት የሚሻ ሰው በልደታ የባቡር ጣቢያ ጥቂት ደቂቃ ቢቆም ይበቃዋል። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሁለት መሥመሮች ያሉት ሲሆን፣ አንደኛው ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ሁለተኛው ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ እንዲደርስ የተሠራ ነው። ሁለቱም ከስታዲየም አንሥቶ በለገሃር፣ በሜክሲኮና በተግባረ እድ በኩል በአንድ ሐዲድ አብረው ተጉዘው ልደታ ላይ ይለያያሉ።

ስለዚህ ከመገናኛ ተነሥቶ ወደ መርካቶ የሚሄድ ገበያተኛ ልደታ ወርዶ ወደ ሰሜን የሚሄደውን ባቡር ይይዛል፤ በአብነት አልፎ ሰባተኛ ወይም አውቶቡስ ተራ ሲደርስም ከገበያው ደጅ ነው። ትያትር ለማየት ወደ ብሔራዊ ትያትር የሚሄደውም በዚሁ ሐዲድ ለገሃር ይወርዳል። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ትልቅ ጉድለት ቀርቷል። በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲው ምድር ባቡር አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ ጣቢያው የንግድ በር ሆነ፤ ለገሃር የሚለው ስም ራሱ ጣቢያ ማለት ከሆነው የፈረንሳይኛ ቃል የተወረሰ ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር ግን መንገደኛውን በከተማው ዳር በፉሪ ለቡ ያወርደዋል፤ የከተማው ባቡር ደግሞ እስከዚያ አይደርስም። ከድሬዳዋ ድረስ በሐዲድ የመጣ ነጋዴ የቀረችውን አጭር መንገድ በታክሲ ፍለጋ ይፈጽማታል።

የጭነት ዕቃ በእንዶዴ ተራግፎ በካሚዮን ስለሚከፋፈል የመንገደኛው ነገር ንግድን አይነካም የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ናሙና የያዘው ደላላ፣ ሒሳብ ሊያወራርድ የመጣው የክፍለ ሀገር ባለሱቅ፣ ለልጆቹ ልብስ የሚገዛው እንግዳ ሁሉ መንገደኞች ናቸው። እነዚህ ቢዘገዩ ገንዘባቸው በኪሳቸው ያድራል፤ ባለሱቁም ያመለጠውን ገበያ በመዝገቡ አያየውም።

ሐዲዱ ዛሬውኑ ለቡ ይድረስ ማለት አይቻልም፤ የከተማው ባቡር ብቻውን 475 ሚሊዮን ዶላር ያህል ፈጅቷል። ከ41ዱ ባቡሮችም ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት የቆሙበት ዘመን ታይቷል፤ መለዋወጫ የሌለው መኪና ምን ዓይነት ዕዳ እንደሆነ አስመጪዎች ከማንም ይበልጥ ያውቁታል። ስለዚህ ከአዲስ ሐዲድ አስቀድሞ ያለው እንዳይቆም የመለዋወጫው ግዢ ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል። ከዚህም ጋር ባቡሩ ለቡ በሚደርስበት ሰዓት ተጠባብቀው መንገደኛውን በቀጥታ ወደ ልደታ የሚያደርሱ ጥቂት የከተማ አውቶቡሶች ቢመደቡ፣ የመነሻቸውም ሰዓት በሁለቱ ጣቢያዎች ቢለጠፍ፣ ወጪው ትንሽ ጥቅሙ ግን ብዙ ይሆናል።

ነጋዴውም ሌላው እስኪሠራለት መጠበቅ የለበትም። የክፍለ ሀገር ደንበኞቹ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚበዙ ከመዝገቡ አውጥቶ በንግድ ምክር ቤቱ በኩል ለከተማው አስተዳደር ቢያቀርብ፣ ጥያቄው አቤቱታ ብቻ መሆኑ ቀርቶ በቁጥር የተደገፈ የሥራ ሐሳብ ይሆናል።